ግማሽ ፉርጎ

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከለገሃር በላይ፣
ምድር ቤት ነው ክፍሌ፣ አይጎበኘው ፀሐይ።
ካርድ በካርድ ተጭኖ፣ ክር የያዘው ማኅደር፣
የከተማው ገላ በቁጥር ሲደረደር።
ሥራዬ ትርጉም ነው፦ የሐኪሙን ጭረት
ወደ ፊደል፣ ነጥብ፣ ወደ ቁጥር ሥርዓት።
በቃል ያለ ይረሳል፣ ብለው ይተርታሉ፤
እዚህ ሕጉ ይብሳል፦
ያልተጻፈ ሕመም፣ አልነበረም አሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ካርድ ደረሰኝ፤
«የልብ ድካም» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልነገረኝ።
የቱ የልብ ድካም? የቆየ ነው የድንገት?
መጭመቅ ነው ያቃታት፣ ወይስ መከፈት?
መተውስ ይቻላል፤ ኮድ አለው ለዚህም፦
«ዓይነቱ ያልተገለጸ»፤ ማንም አይጠይቅም።
ልቤ ግን አልሞላም።

ለዶክተር ሲፈን ጻፍኩ፣ ቢጫ ወረቀት ላይ፦
«ዓይነቱ ቢገለጽ፣ ዕድሜውም አብሮ ቢታይ።»
መልሱን ማጉረስ የለም፣ ክልክል ነው በደንቡ፤
ጠያቂ ሐኪም አይመራም፤ ደጅ ይጠናል፣ ይቆማል ከግንቡ።
ረቡዕ መልስ አልመጣ። ሐሙስ መብራት ሄደ።
ዐርብ ካርዱን ብብቴ ሸጉጬ፣
እግሬ ወደ ዋርድ ነጎደ።

አልጋ ዐሥራ አንድ። አቶ ዘውገ ቱሉ።
ሦስት ትራስ ደራርበው፣ ተቀምጠው ይተኛሉ፤
ጋደም ካሉ፣ በደረቅ ምድር፣ በገዛ ውሃቸው ይሰምጣሉ።
ካልሲያቸው ቁርጭምጭሚት ላይ ቀለበት አትሟል፤
ጫማቸው ከአልጋው ሥር፣ ክሩ ተፈትቶ፣ ምላሱ ወጥቶ ተኝቷል።

«አንተስ ማነህ?» አሉኝ።
«ጸሐፊ ነኝ» ብላቸው፣
ቀና አሉ፤ አስተካከሉ ትራሳቸው።
«እኔም ጸሐፊ ነበርኩ። ምድር ባቡር። የጭነት ሰነድ።
ሃያ ስድስት ዓመት በፈረንሳይኛ፣ በሦስት ቅጂ፣
ካርቦን ከሥሩ ሲነጠፍ ሲለበድ።
ስኳሩም፣ ጨዉም፣ ሲሚንቶውም፣
ክብደቱ ካልተጻፈ፣ ፉርጎ አይንቀሳቀስም።
እኔስ ምን ተብዬ ተጻፍኩ?»
አፈርኩ።
«ገና ነዎት» አልኩ፤ «አልተጻፉም።»

ዶክተሯ ደረሰች፤ የኢኮውን ውጤት ዘረጋች፤
«ስልሳ ከመቶ ትገፋለች፤ ስትጨምቅ ብርቱ ናት» አለች።
«ችግሯ ሲላላ ነው። ግድግዳዋ ደንድኖ፣ እምቢ አላት መከፈት፤
ደሙ በር ላይ ቆሞ፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ አጥቶ መግቢያ ቦታ፣ አጥቶ መሬት።»

እሳቸው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ አለፈ።
«ገባኝ! ባቡሩ በሰዓቱ ይነሳል፤ ሞተሩም አልሰነፈ።
በሩ ነው፣ ገርበብ እንዳለ ዝጎ ተጣብቆ፤
ፉርጎው ግማሽ ጭኖ ይሄዳል፣
የቀረው ዕቃ ለገሃር ይከመራል፣
ዝናብ እየመታው፣ ጠብቆ ጠብቆ።»

እዚያው ቆማ ጻፈች፦ ነባር። ዲያስቶሊክ። መንስኤው ደም ግፊት።
ወርጄ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ፤
ግፊት ይቀድማል፣ ልብ ይከተላል፤ ደንቡ ነው በሰልፍ ማስገባት፦
አይ ዐሥራ አንድ ነጥብ ዜሮ።
አይ ሃምሳ ነጥብ ሠላሳ ሁለት።

አሁንስ ልቤ ሞላ?
እንጃ።
አድራሻ በሚለው ቦታ «ሰንጋ ተራ» ይላል፤
ቤቱ ፈርሷል፣ ባንክ ቆሞበታል፣
የማርምበት ሣጥን ግን ማሽኑ ላይ የለም።
ማታ ባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤
ካልገቡት ጋር ቀረሁ፣ አላዘንኩም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ከዋርድ ስወጣ
ከኋላዬ ጠርተው፣ ጣታቸውን እየቆጠሩ የጠየቁኝ፦
«አንዱ ለላኪ ነው። አንዱ ለተቀባይ።
ሦስተኛው ቅጂ፣ ልጄ፣
የኔው፣
ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»